አመዳይና ግግር በረዶ በጨዋታ ጠረጴዛ ላይ፦ የክረምት ውጊያን በጥቃቅን ምስሎች ስለ መወከል የቀረበ ዳሰሳ

ከእርሳስ፣ ከቆርቆሮ ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ጥቃቅን የወታደር ምስሎችን በጠረጴዛ ላይ አሰልፎ፣ ርቀቱን በሜትር እየለኩ፣ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችለውን ነገር በዳይስ እያስፈረዱ፣ ያለፈውን ዘመን ውጊያ እንደገና መመርመር በአውሮፓና በአሜሪካ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ይህን ልማድ ከሕፃናት መጫወቻ የሚለየው ሕግ ያለው መሆኑ ነው፤ ሕጉም በእውነተኛው የጦር ሜዳ ላይ የትኛው ምክንያት የትኛውን ውጤት እንደ ወለደ ደራሲው ያመነበትን በአጭር ቃል የሚናገር የታሪክ ሐተታ ነው። ስለዚህም አንድ የደንብ ጸሐፊ አመዳይ በሸፈነው ሜዳ ላይ የእግረኛ ጦር ጉዞ በእኩሌታ ይቀነስ ብሎ ሲደነግግ፣ በዚያች በአንዲት መስመር ስለ ናፖሌዎን የሩስያ ዘመቻም፣ ስለ ፊንላንድ ጫካዎችም፣ ስለ ኮሪያ ተራሮችም ፍርድ መስጠቱ ነው። ፍርዱ እውነት ነውን? እውነትስ ከሆነ ለየትኛው ጦር፣ ለስንት ሰዓት፣ ለምን ዓይነት በረዶ? የሰሜኑን ክረምት በጠረጴዛ ላይ ስለ መወከል የሚነሡት ክርክሮች ሁሉ ከእነዚህ ጥያቄዎች የሚፈልቁ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጥያቄው ጥንት

የጠረጴዛው ጦርነት ጥንተ ታሪኩ ከፕሩስያ ይነሣል። ባሮን ፎን ራይስቪትስ በ1812 ለንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ሣልሳዊ ያቀረበው፣ የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁም አሻሽሎ በ1824 በመጽሐፍ ያወጣው «ክሪግስሽፒል» የተባለው ጨዋታ፣ 1 ለ8000 በሆነ ካርታ ላይ የሚካሄድ፣ እያንዳንዱ ተራ የ2 ደቂቃ ጊዜ የሚወክልበት፣ የሁለቱንም ወገን ትእዛዝ ተቀብሎ ውጤቱን የሚያስታውቅ ዳኛ የተሾመበት ሥርዓት ነበረ። የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ አለቃ ካርል ፎን ሙፍሊንግ ጨዋታውን አይቶ ለሠራዊቱ ትምህርት እንዲሆን ደገፈው። ከዚያ በኋላ ግን የሰንጠረዡና የዳይሱ ብዛት መኮንኖቹን ስላሰለቻቸው፣ በ1876 ዩልዩስ ፎን ፌርዲ ዱ ፌርኑዋ ሰንጠረዡን ትቶ ነገሩን ሁሉ ለልምድ ባለቤቱ ለዳኛው ፍርድ የሚሰጥ «ነጻ» የተባለውን ሥርዓት አቀረበ። ሁሉን ነገር በጽሑፍ የሚወስን ጽኑ ሕግና ሁሉን ነገር ለአንድ ሰው ኅሊና የሚተው ነጻ ፍርድ፣ የበረዶን ጉዳይ በሚመለከት እስከ ዛሬ ድረስ የሚሟገቱት እነዚሁ ሁለት አባቶች ናቸው።

የምስሎቹ ጨዋታ በቤት ውስጥ የተወለደበት አንዱ ስፍራ ራሱ በበረዶ የተከበበ ነበረ። ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ለሳንባ ሕመሙ ፈውስ ፍለጋ ከ1881 እስከ 1882 ያለውን ክረምት በስዊስ ተራሮች መካከል በዳቮስ ሲያሳልፍ፣ ከእንጀራ ልጁ ከሎይድ ኦዝበርን ጋር በጣሪያው ሥር ባለው ክፍል ወለል ላይ ተራራውንና ወንዙን፣ መንገዱንና ድልድዩን በጠመኔ ሥሎ የቆርቆሮ ሠራዊት ያዘምት እንደ ነበረ ልጁ በ1898 ባሳተመው ጽሑፍ ተርኮታል። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 ባወጣው «ትንንሽ ጦርነቶች» በተባለው መጽሐፉ የአሻንጉሊት መድፍ እያስተኮሰ ዘመናዊውን የቤት ጨዋታ መሠረተ፤ በዋና ደንቦቹ ውስጥ ግን ለአየር ጠባይ የተሰጠ ስፍራ የለም፤ ሜዳው ዘወትር ደረቅ፣ ሰማዩም ዘወትር ብሩህ ነው። ዶናልድ ፌዘርስቶን በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ልማዱን ለብዙ ሕዝብ አደረሰው። ክረምት ግን ወደ ጨዋታው በእርግጥ የገባው ውጊያው ከዘመቻ ጋር ሲያያዝ ነው፤ የጥንቱን ዓለም የሚመስል ምናባዊ ክፍለ ዓለም ፈጥሮ ለብዙ ዓመታት ዘመቻ ያካሄደው ቶኒ ባዝ በ1973 ስለ ዘመቻ አዘገጃጀት መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ካርታና የቀን መቁጠሪያ ያለበት ጨዋታ ለብዙዎች አርአያ ሆነ፤ ወር የሚቆጠርበት ዘመቻ ደግሞ ክረምትን ሊሸሽ አይችልም።

ከምስሎቹ ጎን ለጎን ያደገው የካርቶን ሰሌዳ ጨዋታም በዚህ ረገድ ታላቅ አስተማሪ ሆኖአል። በ1985 አቫሎን ሂል የተባለው ማተሚያ ቤት ያወጣው «አድቫንስድ ስኳድ ሊደር» በመሬት ላይ የተነጠፈውን ስስ አመዳይ፣ ጥልቅ የሆነውን አመዳይ፣ በመውረድ ላይ ያለውን አመዳይና ብርቱውን ቅዝቃዜ እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው አንቀጽ ለይቶ ደነገገ፤ ለስኪ፣ ለበረዶ ሸርተቴና ለነጭ ልብስም የየራሳቸውን ሕግ ሰጠ። ብዙው የምስል ጨዋታ ደንብ «በረዶ» በሚል በአንድ ስም ጠቅልሎ የሚያልፈው ነገር እነሆ አራት ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ዐይንን አይጋርድም፣ ሁለተኛው እግርን ይይዛል፣ ሦስተኛው ዐይንን ይጋርዳል እንጂ እግርን ብዙ አይዝም፣ አራተኛውም ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ጠመንጃውንና ጣቱን ያደርቃል።

የተቀባው በረዶ

ስለ ሕጉ ከመናገር በፊት ስለ መልኩ ጥቂት መናገር ይገባል፤ ብዙ ሰው የክረምትን ጨዋታ የሚያውቀው በመልኩ ነውና። የጥንቱ ዘዴ ቤኪንግ ሶዳ ከነጭ ኮላ ጋር መለወስ ነው፤ የምስሉን መቆሚያ በብሩሽ ኮላ ይቀቡታል፣ ዱቄቱን ከላይ ይነሰንሱበታል፣ ትርፉን በጣት ጫፍ መታ መታ አድርገው ያራግፉታል፣ ሲደርቅም እውነተኛ አመዳይ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ ወደ ቢጫነት ይለወጣል፤ በዚህ ምክንያት ሠሪዎቹ ወደ ደቀቀ ብርጭቆ፣ ወደ ፕላስቲክ ብናኝና በዕቃ መልክ ተሰናድቶ ወደሚሸጠው የበረዶ ቀለም ተሻግረዋል። ጥበበኛው ሠሪ ሁሉን ነገር እኩል አያነጣም፤ አመዳይ ከነፋስ በተከለለው በግንቡና በቁጥቋጦው ጀርባ እንደሚከመር፣ ጦር ያለፈበት መንገድም ነጭ ሳይሆን ቡናማ ጭቃ እንደሚሆን ያውቃል።

ይህ የውበት ነገር ብቻ አይደለም። መቆሚያው በነጭ የተሸፈነ ሠራዊት በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ ሲቆም እንግዳ ስለሚመስል፣ ሠራዊቱን ለመቀባት ወራት የሚፈጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የበጋውን ይመርጣል፤ የክረምት ሠራዊት ጥቂት ስለ ሆነም የክረምት ደንብ በተግባር የሚፈተንበት አጋጣሚ ያንኑ ያህል ጥቂት ነው። በሌላው ወገን፣ በ2015 ኦስፕሬይ ባሳተመው «ፍሮስትግሬቭ» በተባለው የምናብ ጨዋታ እንደሚታየው፣ በአስማት ቅዝቃዜ ተቀብራ ኖራ በመቅለጥ ላይ ባለች ከተማ ውስጥ ውጊያው ሲካሄድ በረዶው ይበልጡን መድረክ ነው እንጂ ተዋጊ አይደለም። መድረክ የሆነው በረዶና ተዋጊ የሆነው በረዶ ሳይለዩ ሲቀሩ ክርክሩ ሁሉ ይደናገራል።

ስለ እኩል ቅነሳ

በደንብ መጻሕፍት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው አስተያየት ክረምትን እንደ ቅነሳ የሚቆጥረው ነው፤ ጉዞው በእኩሌታ ወይም በሢሶ ይቀነሳል፣ ተኩሱ አንድ ነጥብ ይጎድላል፣ ፈረሰኛው መጋለብ ይከለከላል። የዚህ አስተያየት ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም፤ ሕጉ አጭር ነው፣ ለማስታወስ ይቀላል፣ ማንም ሰው ቢሆን በጉልበቱ ድረስ በአመዳይ ውስጥ ሲራመድ መዘግየቱ እርግጥ ነው።

ሆኖም ቅነሳው ለሁለቱም ወገኖች እኩል ሲሆን እርስ በርሱ ይጣፋል። ሁለቱም ጦሮች በእኩሌታ ፍጥነት ከተጓዙ የሚለወጠው የጨዋታው ርዝመት ነው እንጂ የውጊያው ጠባይ አይደለም፤ ተጫዋቹም በበጋ ሊወስነው የነበረውን ውሳኔ በክረምትም ይወስናል፣ የሚወስነው ግን ዘግይቶ ነው። የታሪኩ ምስክርነት ደግሞ ከዚህ ጋር አይስማማም፤ በረዶ በጦር ሜዳ ላይ ለሁሉ እኩል የወረደበት ጊዜ ጥቂት ነውና።

በ1461 በሆሣዕና ዕለት፣ ማርች 29፣ በእንግሊዝ አገር በታውተን የተደረገውን ውጊያ እንመልከት። አመዳዩ ከነፋስ ጋር በላንካስተር ወገን ፊት ላይ ይወርድ ነበረ፤ የዮርክ ወገን ቀስተኞች አለቃ ሎርድ ፎከንበርግ ነፋሱ ከኋላው መሆኑን አስተውሎ ቀስቱን ከሩቅ አስወረወረ፤ የጠላቱ ቀስቶች ግን ከነፋሱ ጋር ሲታገሉ ሳይደርሱ ይወድቁ ነበረ። በኖቬምበር 1700 በናርቫ ደግሞ የስዊድኑ ንጉሥ ካርል ዐሥራ ሁለተኛ ዐውሎው ከሠራዊቱ ጀርባ ተነሥቶ የሩስያውያንን ዐይን በመታበት ሰዓት አጠቃ፤ በቍጥር እጅግ የሚበልጠውንም ጦር ድል ነሣ። በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1807 በአይላው የማርሻል ኦዥሮ ጓድ በተቃራኒው አመዳዩ ፊቱን እየመታው አቅጣጫውን ስቶ ከሩስያው ታላቅ የመድፍ ረድፍ ፊት ወጣ፤ ጓዱም ከመጥፋት ጥቂት ተረፈ፤ የናፖሌዎንን መሀል ያዳነው ሚዩራ ከ10,000 በላይ ፈረሰኞች ይዞ ያደረገው ግልቢያ ነው። እነሆ በዚያው ቀን፣ በዚያው በረዶ፣ እግረኛው ሲጠፋ ፈረሰኛው ጋልቦአል፤ «በበረዶ ቀን ፈረሰኛ አይጋልብም» የሚለው ደንብ አይላውን ሊያጫውት አይችልም።

በእነዚህ ሦስት ቀናት ውስጥ አቅጣጫና ሰዓት ነገሩን ወሰኑት። ስለዚህ የነፋሱን መምጫ በጠረጴዛው አንድ ጠርዝ ላይ ምልክት አድርገው፣ ፊቱን ወደዚያ ያዞረውን ክፍል ብቻ የሚቀጡ፣ በየተራውም ዐውሎው ይነሣ ወይም ይተኛ እንደ ሆነ በዳይስ የሚጠይቁ ደንቦች፣ ሐሳባቸው ለመጻፍ ይበልጥ ቢያስቸግርም፣ ወደ እውነቱ ይበልጥ የቀረቡ ናቸው ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል። ተጫዋቹ አሁን የሚጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ዐውሎው እስኪያልፍ ልጠብቅን ወይስ በዐውሎው ተሰውሬ ልቅረብ?

ስለ ማየትና አለማየት

ከጉዞው ይልቅ አስቸጋሪው የዐይን ጉዳይ ነው፤ ተጫዋቹ ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያልና። ምስሉ አይታየውም ተብሎ ቢደነገግም ባለ ምስሉ ያየውን ሊረሳ አይችልም። የፕሩስያው ዳኛ ይህን ችግር ፈትቶት ነበረ፤ ዳኛ የሌለው የዛሬው ጨዋታ ግን በሌላ ብልሃት ሊፈታው ይሞክራል። አንዳንዱ ደንብ በየተራው መጀመሪያ የእይታን ርቀት በዳይስ ይወስናል። «ቱ ፋት ላርዲስ» የተባለው የደንብ አሳታሚ ደራስያን በአንዳንድ ደንቦቻቸው እንደሚያደርጉት፣ ምስሎቹ ገና ሳይወጡ ምንነቱ ያልተገለጠ ካርድ በሜዳው ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ካርዱ የሠራዊት ክፍል ይሁን ባዶ ጥርጣሬ የሚታወቀው ሲቀርቡት ነው። በዐውሎ ቀን ካርዱ ሳይገለጥ የሚቀርብበትን ርቀት ማሳጠር ያለ አንዳች ተጨማሪ ሰንጠረዥ የኦዥሮን ዕጣ በተጫዋቹ ላይ ሊያመጣ ይችላል።

በዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች የሚያልፉት አንድ የስሌት ጉዳይ አለ። የ28 ሚሊሜትር ምስሎች በግምት 1 ለ56 ናቸው፤ ዐውሎው ሰውን 50 ሜትር ብቻ ያሳየዋል ብንል በዚህ ልክ ርቀቱ 89 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ርዝመቱ 180 ሴንቲሜትር በሆነ ጠረጴዛ ላይ ይህ እኩሌታ ያህል ነው። በ2012 የወጣው «ቦልት አክሽን» ለጠመንጃ የሚሰጠው ርቀት 24 ኢንች፣ ማለት 61 ሴንቲሜትር ነው፤ በምስሉ ልክ ቢለካ 34 ሜትር መሆኑ ነው። እንግዲህ ብርቱው ዐውሎ እንኳ ከጠመንጃው ርቀት አልፎ ስለሚያሳይ ምንም አይለውጥም ማለት ነው! ነገር ግን የመሬቱ ልክ ከምስሉ ልክ የተለየ፣ ሆን ተብሎ የተጨመቀ መሆኑን ደራስያኑም ተጫዋቾቹም ያውቃሉ። 1 ሴንቲሜትር 20 ሜትር በሚወክልበት በአይላው ዓይነት ጨዋታ ደግሞ ያው 50 ሜትር 2 ከግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል፤ ሻለቆቹ በመቆሚያቸው ካልተነካኩ በቀር አይተያዩም። አንዱ የዐውሎ ደንብ ለሁለቱም ጨዋታ ሊያገለግል አይችልም፤ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው የአየር ጠባይ ሰንጠረዥን እየገለበጡ ማስገባት ከንቱ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንዳንድ ጊዜም የማየቱ ጉዳይ ከጠረጴዛው ውጭ ነው። በዲሴምበር 16 ቀን 1944 ጀርመኖች በአርደን ሲያጠቁ ጉምና ደመና የተባባሪዎቹን አውሮፕላኖች በምድር አስቀረ፤ ሰማዩ የተገለጠው በ23 ነው፤ በዚያው ወር ጄኔራል ፓተን በወታደሮቹ ካህን በጄምስ ኦኒል ያስጻፈው ስለ መልካም አየር የሚለምን ጸሎት ለሠራዊቱ ታደለ። እዚህ ክረምት የሠራው ሥራ በሜዳው ላይ ያለውን ማዘግየት ሳይሆን ወደ ሜዳው ሊመጣ የነበረውን ማስቀረት ነው፤ ለደንብ ጸሐፊም ይህ ከሁሉ የቀለለው ነው፤ አውሮፕላን የለም ብሎ በአንዲት መስመር ይጨርሰዋል።

ስለ ቅዝቃዜና ስለ ጊዜ

ቅዝቃዜ የሚገድለው በቀናትና በሳምንታት ነው፤ የጠረጴዛው ውጊያ ግን የሚወክለው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ቀን ነው። አንዳንድ ደንብ በየተራው ዳይስ አስጥሎ ወታደሮችን በብርድ ሲያስወግድ ስናይ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ የጓዱ ሩብ በውርጭ አለቀ ማለቱ ነውና ለማመን ያስቸግራል። ተቃዋሚዎቹ እንዲህ ይላሉ፤ የቅዝቃዜ ስፍራ ከውጊያው በፊት ነው፤ ክፍሎቹ ወደ ጠረጴዛው ሲወጡ ቍጥራቸው ጎድሎ፣ ወኔያቸው ተሰብሮ፣ መድፋቸው በመንገድ ቀርቶ ይውጡ፤ በውጊያው ሰዓት ግን ለብርድ ዳይስ አይጣል።

ለዚህ አስተያየት የሚጠቀሰው ታላቅ ምስክር ሻርል ሚናር በ1869 ያወጣው የናፖሌዎን የ1812 የሩስያ ዘመቻ ሥዕል ነው። የኔማንን ወንዝ የተሻገረው 422,000 ሰው ሞስኮ ሲደርስ 100,000 ብቻ ሆኖ ይታያል፤ የተመለሰውም 10,000 ነው። ከሥዕሉ ግርጌ የሙቀቱ መጠን በሬኦሙር ልክ ተጽፎአል፤ ዲሴምበር 6 ቀን ከዜሮ በታች 30 ሲሆን ይህ በሴልሲየስ 37 ከግማሽ ነው። በሥዕሉ ላይ ትኵር ብሎ የሚመለከት ሰው ግን የሠራዊቱ እጅግ የሚበዛው ክፍል ውርጩ ሳይጀምር በበጋው ጉዞ ላይ እንደ ጠፋ ያያል። በቤሬዚና ወንዝ ደግሞ ከኖቬምበር 26 እስከ 29 ጦሩን ለጥፋት ያደረሰው የቅዝቃዜ ብዛት ሳይሆን ማነስ ነው፤ አየሩ ለጥቂት ቀናት ስለ ሞቀ ወንዙ እንደ ታሰበው ጠጥሮ አልጠበቀም፤ የጄኔራል ኤብሌ ድልድይ ሠሪዎችም በበረዶው ውኃ ውስጥ ቆመው ሁለት ድልድይ ሊሠሩ ግድ ሆነባቸው። በ1941 በሞስኮ ፊት ያለውም ነገር ይህን ይመስላል፤ የጀርመንን ታንኮች በኦክቶበር የያዛቸው የበልጉ ጭቃ ነበረ፤ በኖቬምበር መሬቱ ሲጠጥር እንደገና መንገድ አገኙ፤ ከዚያ በኋላ ግን ያው ውርጭ ዘይታቸውን አረጋው፣ የክረምት ልብስ ያልደረሰውንም ወታደር አደረቀው። የሶቪየቱ ማርሻል ዙኮቭ በኋላ ባወጣው የትዝታ መጽሐፉ ሞስኮን ያዳነው ጭቃና ብርድ ነው የሚለውን አባባል አጥብቆ ተቃውሞአል። እንግዲህ ውርጭ የጀርመን ጠላት ነው ብሎ አንድ ቅጣት መጻፍ ከሦስቱ ወራት አንዱን ብቻ መጻፍ ነው።

ሆኖም «በውጊያው ሰዓት ቅዝቃዜ አይሠራም» የሚለውም ወገን ከልኩ ያለፈ ነው። በ1950 መጨረሻ በኮሪያ በቾሲን የውኃ ማጠራቀሚያ ዙሪያ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 30 ዲግሪ በወረደበት ሰዓት፣ ካርባይን የተባለው ቀላል ጠመንጃ በተኩስ መካከል ይከዳ ነበረ፤ ይህ በእያንዳንዷ ደቂቃ የሚታይ ውጤት ነው፤ ለጠረጴዛውም የተገባ ነው። በዚያው ስፍራ የቻይና 9ኛው የጦር ቡድን ከጥይት ይልቅ ብርድ የጎዳው ወታደር እጅግ የበዛ ነበረ፤ ይህ ደግሞ የዘመቻው ሒሳብ ነው። በተከታዩ ዓመት በ1951 ወደ ኮሪያ የገባውና ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ክረምቱን በእነዚያ ተራሮች ላይ ያሳለፈው የእኛው የቃኘው ሻለቃ ታሪክ፣ ከሞቃት አገር የመጣ ጦር ለማያውቀው ቆፈን እንዴት እንደ ሠለጠነና እንደ ለበሰ ለመመርመር ለሚሻ የጨዋታ ደራሲ ያልተነካ ማዕድን ነው።

ስለ ግግር በረዶ

ከክረምት ደንቦች ሁሉ ተጫዋችን የሚስበው የቀዘቀዘ ሐይቅ ነው፤ ታሪካዊ መሠረቱ ግን ከሁሉ የደከመ ነው። በአፕሪል 5 ቀን 1242 በፔይፑስ ሐይቅ ላይ የጀርመን ፈረሰኞች በረዶው ተሰብሮባቸው ሰጠሙ የሚለው ታሪክ በሰፊው የተነዛው በ1938 በወጣው በአይዘንስታይን ፊልም ነው፤ የኖቭጎሮድ ቀዳማዊው ዜና መዋዕል ስለ መስጠም አያወሳም፤ የሊቮንያው የግጥም ዜና መዋዕል ደግሞ ሙታኑ በሣር ላይ እንደ ወደቁ ይናገራል። በዲሴምበር 2 ቀን 1805 በአውስተርሊትስ የናፖሌዎን መግለጫ 20,000 ሰዎች በሐይቆቹ ሰጠሙ ቢልም፣ ኩሬዎቹ ሲደርቁ የተገኘው የሰው ሬሳ ጥቂት ነበረ። በአይላውም ፈረሰኞች በአመዳይ በተሸፈኑ የቀዘቀዙ ኩሬዎች ላይ ሳያውቁት ተዋግተዋል፤ በረዶው ግን ተሸክሞአቸዋል። በሌላው ወገን በ1658 የስዊድኑ ካርል ዐሥረኛ ጉስታቭ ጦሩን በቀዘቀዘ ባሕር ላይ ከደሴት ወደ ደሴት አሻግሮ ዴንማርክን ሲያንበረክክ፣ ከፈረሰኞቹ አንዳንዶቹ በእርግጥ ሰጥመዋል። እንግዲህ መስበሩ ሐሰት አይደለም፤ የተጋነነው ብዛቱ ነው።

ስለ ጥንካሬው የምንይዘው መስፈሪያ አለን። ካናዳዊው ሎርን ጎልድ በ1971 ባሳተመው ጥናት መሠረት በጥንቃቄ የሚሠራበት ስሌት፣ የንጹሕ በረዶን ውፍረት በሴንቲሜትር ለክቶ በራሱ ካባዙ በኋላ በ4 ማባዛት ነው፤ የሚገኘው ቍጥር በረዶው የሚሸከመው ክብደት በኪሎግራም ነው። 10 ሴንቲሜትር 400 ኪሎ፣ 30 ሴንቲሜትር 3,600 ኪሎ ይሸከማል፤ ፈረስ ከነፈረሰኛው 12 ሴንቲሜትር ያህል ሲበቃው፣ 28 ቶን የሚመዝን ታንክ ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ይሻል። ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ፣ ፈረሰኛውም ታንኩም በ6 ገጽ ዳይስ ላይ 1 ሲወጣ ይሰጥማሉ የሚል ደንብ ለሁለቱም ስሕተት ነው።

ከዚህ ይልቅ የላዶጋው ሐይቅ መንገድ ለደንብ ጸሐፊ የሚሰጠው ትምህርት የሚደነቅ ነው። ከኖቬምበር 22 ቀን 1941 ጀምሮ ለተከበበችው ለሌኒንግራድ እህል ያመላለሱት መኪናዎች ጭነታቸውን አቅልለው፣ አንዱ ከሌላው ተራርቀው ይሄዱ ነበረ፤ መኪናው በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ሲነዳ ከበረዶው ሥር ያለው ውኃ ማዕበል ስለሚያነሣ በረዶው ከክብደቱ ይልቅ በማዕበሉ ይሰነጠቅ ነበረና ፍጥነቱም ይወሰን ነበረ። ርቀት፣ ጭነትና ፍጥነት፤ ሦስቱም በተጫዋቹ እጅ ያሉ ውሳኔዎች ናቸው። ክፍሎቹን አቀራርቦ በቶሎ የሚያሻግር ይሰጋል፤ አራርቆ በዝግታ የሚያሻግር በጠላት ተኩስ ሥር ይቈያል። እንዲህ ያለው ደንብ ዕጣን ከቅጣት ወደ ምርጫ ያሻግረዋል።

ገና ያልተቋጩ ነገሮች

በቅርብ ዓመታት ከተሰሙት አስተያየቶች አንዱ ክረምት ከእግር ይልቅ በትእዛዝ ላይ ይሥራ የሚለው ነው። በ2009 በወጣው «ብላክ ፓውደር» ተጫዋቹ ትእዛዙን በቃል ከተናገረ በኋላ ዳይስ ይጥላል፤ እንደ ውጤቱም ክፍሉ ሦስት እርምጃ፣ ሁለት፣ አንድ ወይም ምንም ሊጓዝ ይችላል። የአዛዡን ነጥብ በዐውሎ ቀን ዝቅ ማድረግ፣ መልእክተኛው መንገድ እንደ ጠፋበትና ሻለቃው እንደ ተደናገረ ያስመስላል፤ አንዱ ጓድ ሲደርስ ሌላው ይቀራል፤ ይህም አይላውን ከእኩል ቅነሳ ይልቅ ይመስላል። ነገር ግን በጥልቅ አመዳይ ውስጥ በግልጽ ቀን የሚጓዝ ጦር ትእዛዙን ሰምቶ፣ መንገዱን አይቶ፣ እግሩ ብቻ የተያዘበት መሆኑን ይህ ደንብ ሊገልጸው አይችልም፤ ሁለቱን አዋሕዶ የደንቡን አጭርነት መጠበቅ እንዴት እንደሚቻል ገና አልታወቀም።

ሁለተኛው ከባዱ ጥያቄ የዝግጅት ዋጋ ነው። በዲሴምበር 1939ና በጃንዋሪ 1940 በሱኦሙስሳልሚ የኮሎኔል ሲላስቩኦ ፊንላንዳውያን የሶቪየትን 163ኛና 44ኛ ክፍለ ጦር ሲሰብሩ፣ የሶቪየት ጦር ከነታንኩ በአንዲት የጫካ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ታስሮ ነበረ፤ ፊንላንዳዊው ግን በስኪ ከመንገዱ ወጥቶ፣ ነጭ ካባ ለብሶ፣ ሌሊት ምድጃ ወዳለበት ድንኳን ተመልሶ ይሞቅ ነበረ። ለአንዱ ቅጣት የሆነው ያው አመዳይ ለሌላው ጎዳና ሆነለት። ይህን ለመወከል ብዙ ደንቦች ለስኪውና ለነጭ ልብሱ የነጥብ ዋጋ ይተምናሉ፤ ተጫዋቹ ከተወሰነለት ድምር ከፍሎ ይገዛዋል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ውጊያው በክረምት እንደሚሆን አስቀድሞ ከተነገረ ሁሉም ይገዛዋል፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ጠፍቶ ወደ እኩል ቅነሳው እንመለሳለን። ካልተነገረና የአየሩ ጠባይ ሠራዊቱ ከተመረጠ በኋላ በዳይስ ከተወሰነ፣ የገዛው ሰው ሜዳው አረንጓዴ ሲሆን ነጥቡን በከንቱ ያጣል፤ ያልገዛው ደግሞ ገና ውጊያው ሳይጀመር ይሸነፋል፤ ለጨዋታ ምሽት ይህ መራራ ነው። በታሪክ ግን በ1941 የጀርመን አዛዦች የገቡበት ዕጣ ይኸው ነበረ፤ ዘመቻው ከክረምት በፊት ያልቃል ብለው ጥይትና ነዳጅ ሲያስቀድሙ የክረምቱ ልብስ ከኋላ ቀረ። ይህን ውሳኔ የሚወስነው በጠረጴዛው ዳር የቆመው የሻለቃ አዛዥ አይደለም፤ ከወራት በፊት በሌላ ካርታ ላይ የተቀመጠው የስንቅና የትጥቅ ሹም ነው። አንዳንዶች ሁለቱን ጨዋታ በዘመቻ እናስተሳስር ይላሉ፤ ሌሎች ዝግጅቱን ከነጥብ አውጥቶ በታሪኩ መሠረት ለየወገኑ የሚያድል ደራሲ ይሻላል ይላሉ፤ የኋለኛው መፍትሔ ለሱኦሙስሳልሚ ሲበቃ፣ ማን ተዘጋጅቶ እንደ ነበረ ታሪክ ለይቶ ላልነገረን ውጊያ ግን ደራሲውን ያለ ማስረጃ ያስፈርደዋል።